ሁለተኛው እንግዳ

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ዛሬ ካርቶኑን አወረድኩት። ከመዝገብ ቤቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከአሮጌ የሊፍት አዝራሮች ሥር ጎትቼ ጠረጴዛዬ ላይ ሳሳርፈው አቧራው ጸሐፊያችንን አስነጠሳት። «ወይዘሪት ደረሰኝ፣ መቃብር ቆፈርሽ እንዴ?» አለችኝ። ቅጽል ስሜ ነው። ሲያወጡልኝ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ስልክ ሳነሳ ራሴ ልለው ምንም አይቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅታችን ሊፍት ይተክላል፣ ሊፍት ይጠግናል። ሠራተኞቻችን ለሥልጠናና ለዕቃ ፍተሻ ውጭ አገር ሲሄዱ ለሚያድሩበት ሆቴልም ለሚከራዩት መኪናም እዚያው አገር ቫት ይከፍላሉ። ያ ቫት ደረሰኝ ተያይዞ ከተጠየቀ ለድርጅቱ ይመለሳል። ማመልከቻው እስከ ሰኔ 30 መግባት አለበት፤ አንድ ቀን ካለፈ ውሃ በላው ማለት ነው። አምና አለፈ። ካቻምናም አለፈ። አለቃችን «ይሄን ሁሉ ጣጣ ማን ይችለዋል» ብሎ ተወው። ዘንድሮ ግን እኔ እችለዋለሁ አልኩ። በስብሰባ መሀል፣ አፌን ሞልቼ። ስለዚህ መመለሻ የለኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

የነዳጁ ደረሰኝ ቀለሙ ለቋል። መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አነበብኩት። ተነቧል። የመኪናው ኪራይ አለ። የአውደ ርዕዩ መግቢያ አለ። የቀረኝ ሆቴሉ ብቻ።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

የሆቴሉ ደረሰኝ የዋናው መካኒካችን ነው። «ዝምታ» እንለዋለን። አምና ለሥልጠና ሊፍቱ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ሄዶ አሥራ አንድ ሌሊት ያደረው እሱ ነው። ደረሰኞቹን ሁሉ ባራት አጥፎ፣ ከጀርባቸው ለምን እንደሆኑ በእርሳስ ጽፎ ነው ያስረከበኝ። የሁሉም ሠራተኛ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ፀጉሬ አይሸብትም ነበር። አሥራ አንድ እራት፣ አሥራ አንዱም ሾርባ። ድርጅቱ እኮ ሥጋም ይከፍልለት ነበር።

ከዚያ ሆቴሉ። ክፍል፣ አንድ። ሌሊት፣ አሥራ አንድ። ቁርስ፣ ሃያ ሁለት። እንግዳ፣ ሁለት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የቫቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የወጣ ወጪ አይጠየቅም፣ ተደብቆ ከተጠየቀ ማጭበርበር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው እንግዳ ማን እንደሆነ ማወቅ ሥራዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ታናሽ እህቴ ከፋርማሲዋ ስትመለስ ወጥ እየሠራሁ ደረሰች። ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ።

«ሰውየው ሚስት አለው?» አለችኝ።

«ሞታበታለች። ስድስት ዓመት ሆናት።»

«ታዲያ ከፈለገው ሰው ጋር ቁርስ ቢበላ ምን ይደረግ?»

«የድርጅት ገንዘብ ነዋ።»

«እሺ እትዬ። ሽንኩርቱ ግን ምን አደረገሽ? እንክትክት አደረግሽው እኮ።»

ይቺ ልጅ ነገር መፈለግ ትወዳለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ፋይሉን ለአለቃችን አስገባሁ። ሥራ በዝቷል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ጉድ ፈላ። አለቃችን ከሆቴሉ ደረሰኝ ላይ «እንግዳ፣ ሁለት» የሚለውን አይቶታል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል እንዴት እንዳየው አላውቅም። መቼም ዓይኑ ስል ነው።

ዝምታን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። በራችን ስስ ነው፤ ጸሐፊያችንም ጆሮዋን ለመጣል ሰበብ አያንሳትም፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«ማን ናት?» አለቃችን ነው።

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«ሃያ ሁለት ቁርስ ብቻህን በላህ?»

«አሥራ አንድ ነው የበላሁት።»

«ታዲያ አሥራ አንዱን ማን በላው?»

«አላውቅም።»

እነዚህ ሁለት ሰዎች ይህን ድርጅት ባንድ የመፍቻ ሳጥን ነው የጀመሩት ይባላል። አለቃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማመልከቻው እስከሚገባበት እስከ ሰኔ 30 ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ማን እንደሆነች ካልተናገርክ ደብዳቤህን ትወስዳለህ» አለው። ዝምታ ወጣ። በጠረጴዛዬ ሲያልፍ እንደ ወትሮው «ደህና ዋልሽ?» አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም። የምደምረው ነገር ነበረኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ወሬው ወርክሾፕ ደርሷል። አንዱ ብየዳ ሠራተኛ «ዝም ያለ ሰው እኮ ነው የሚያስፈራው» ሲል ሰማሁ። ጸሐፊያችን ደግሞ ሴትየዋን ቀይ ቀሚስ አልብሳ ጨርሳለች። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ በማለቴ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል።

ሃያ ዓመት አብሬው ሠራሁ። አንድ ቀን አንድ ብሎን ቤቱ ይዞ ሲሄድ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ለሆቴሉ ኢሜይል ጻፍኩ። እህቴ ቋንቋውን አስተካከለችልኝ። የሁለተኛውን እንግዳ ስም ጠየቅሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ደወልኩ። የሆቴሉ ሴትዮ ድምጿ ማር ነው፤ ግን ንቅንቅ አትልም። የእንግዳ ስም የግል ምስጢር ነው፣ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ወገን አይሰጥም አለችኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላት «ሁለተኛው እንግዳ ራሱ ፈርሞ ይፍቀድልሽ» አለች። ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ይፈርምልኝ ማለት እኮ ነው። ምላሴን ነከስኩ። በተሰባበረ ቋንቋዬ ሌላ መንገድ እንዳለ እየደጋገምኩ ስጠይቃት ቆይታ፣ ክፍሉን የያዘው ሰው ፈርሞ ከጠየቀ እሱ ራሱ የሞላውን የመግቢያ ቅጽ ሊልኩለት እንደሚችሉ ነገረችኝ።

ስለዚህ የዝምታ ፊርማ ያስፈልገኛል። አንድ ፊርማ። ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ቀላል አይደለም። ወርክሾፕ ድረስ ወርጄ ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው፤ ባራት አጥፎ መለሰልኝ።

«ብቻዬን ነበርኩ አልኩ» አለ። «ሰው ካላመነኝ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

«ሥራህን ልታጣ እኮ ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ በቃሌ ካልታመንኩ፣ ሥራው ድሮም የለኝም።»

ግትር። እንደ በቅሎ ያለ ግትር። ቆሽቴ አረረ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ልጻፈው። ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ እዚህም ከዋሸሁ የት እውነት ልናገር ነው።

አለቃችን በስል ዓይኑ አይደለም ያየው። «እንግዳ፣ ሁለት» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ የከበብኩት እኔ ነኝ። ከብቤም ደረሰኙን ከፋይሉ መጨረሻ አውጥቼ ከላይ አደረግሁት። መጀመሪያ ዝምታን ልጠይቀው እችል ነበር። ወርክሾፑ ከወንበሬ ሠላሳ እርምጃ ነው። «ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» ብለው በቃ ነበር። አልጠየቅሁትም። ተናድጄ ነበር። በምን እንደተናደድኩ ለማንም ልነግረው የምችለው ነገር አይደለም፤ የሰው ባል አይደለም፣ የኔም ምንም አይደለም፣ ከፈለገው ጋር ቁርስ መብላት መብቱ ነው። ግን አሥራ አንድ ሌሊት ሾርባ ብቻውን ይበላል ብዬ አዝኜለት ነበር። ያታለለኝ መሰለኝ።

ለደንቡ ብዬ ነው ብል አፈር ያስበላኛል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

አለቃችን ጠራኝ። «የሆቴሉን ደረሰኝ ከማመልከቻው አውጪውና ሌላውን ላኪ። የሆቴሉን ቫት ይቅር ብለናል» አለኝ። የሆቴሉ ከጠቅላላው ግማሽ ነው። ግን ገንዘቡ አይደለም። ጸሐፊያችን የስንብት ደብዳቤውን እየጻፈች ነበር፤ «ለ» ብላ ቦታውን ክፍት ትታ፣ ቀኑን ሰኔ 30 ብላ። ደረሰኙን ካወጣሁት ማንም ወደኋላ ተመልሶ አይጠይቅም። ሰውየው ለዘላለሙ ባለ ሁለት ቁርስ ሆኖ ይቀራል።

«አላወጣም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ማመልከቻው ሙሉ ሆኖ ነው የሚገባው። ሰኔ 30 ካልደረሰ የኔንም ደብዳቤ ያስጽፉ።»

ቃሌን አልመለስኩም። አለቃችን ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለኝ። እኔም ብሆን መልሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ዝምታ የት ነው ስል፣ ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ላይ ነው አሉኝ። ሊፍቱ ቆሟል፤ እሱ ራሱ ነው ያቆመው። ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ስድስተኛው ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ስምንተኛው ላይ ቫት የሚባል ነገር ያመጣውን ሰው ረገምኩ። የማሽኑ ክፍል ጣሪያው ላይ ነው፤ ጠባብ፣ ቅባት ቅባት የሚሸት፤ ገመዱ ባንድ ትልቅ ጎማ ላይ ተጠምጥሟል። ዝምታ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፍሬኑን ይፈታል። ሲያየኝ ምንም ሳይል አንድ ባልዲ ደፍቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ «ተቀመጪ» አለኝ።

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀኝ።

«ሊፍቱን እስክጨርስ ብትታገሺ ምን ነበረበት?»

«አንተ እስክትጨርስ ሰኔ ያልቃል።»

ወረቀቱን አወጣሁ። ልመና አልሆንልሽ አለኝ፤ ድሮም አላውቅበትም። «ለአለቃችን ብለህ አትፈርም» አልኩት። «ላንተም ብለህ አትፈርም። ለኔ ብለህ ፈርም። ይሄን ማመልከቻ ሙሉ አድርጌ አስገባለሁ ብዬ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ።»

«ላንቺ ነው?»

«ለኔ።»

መፍቻውን በእጁ አገላበጠ። «አንቺስ ታምኚኛለሽ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ወረቀቱን ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት።

ተቀየመ ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሲስቅ ያየሁት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። «ደህና» አለ፤ «ሌሎቹ እናምንሃለን እያሉኝ ነው ከኋላዬ የሚያወሩት። አንቺ ቢያንስ አልዋሸሽኝም።» እጁን ሁለት ጊዜ በጨርቅ ጠርጎ ፈረመልኝ።

ዘጠኝ ፎቅ እስክወርድ ቃሉን ለራሴ ደጋገምኩት። አልዋሸሽኝም ይለኛል። እኔን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ፊርማውን ላክሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ከሆቴሉ ምንም። ሁለቴ ደወልኩ። ማር ድምጿ ሴትዮ እረፍት ላይ ናት አሉኝ። የተተካው ሰው አይሰማኝም፤ እኔም አልሰማውም፤ ብቻ ስልኩን አልዘጋሁበትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

መጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ኢሜይሉን ከፈትኩት። አንድ ገጽ ነው። ሠንጠረዥ አለው። ከላይ በነሱ ቋንቋ «ክፍሉ ውስጥ የሚያድሩ እንግዶች ስም» ይላል። ከሥሩ መስመር አንድ፣ መስመር ሁለት፣ መስመር ሦስት።

መስመር አንድ ላይ በዝምታ የእጅ ጽሕፈት የዝምታ ስም አለ። መስመር ሁለት ላይ በዚያው ጽሕፈት የአባቱ ስም።

ሌላ ምንም የለም። ስሙን ጻፈ፤ ቀጥሎ ባለው ክፍት ቦታ ላይ የአባቱን ስም ጻፈ። ሁላችንም ስም ሙሉ ስንባል እንደምንጽፈው። የሆቴሉ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው። ሁለት ስም፣ ሁለት እንግዳ፣ ሃያ ሁለት ቁርስ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሞላው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ይህን የአባት ስም በየወሩ ደመወዝ መዝገብ ላይ ከሱ ስም ቀጥዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። አባትየው ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ለቅሶ ደርሻለሁ። እኛ እዚህ ቀይ ቀሚስ ስናለብሳቸው ከረምን።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። «ነገ መጀመሪያ ለሱ አሳዪው። ለአለቃሽ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ወረቀት ይዤ ወደ አለቃ ሮጫለሁ፤ አይደገምም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

ጠዋት ወርክሾፑ ሳይሞላ ወረድኩ። ቅጹን ሰጠሁት። ብዙ ቆየበት። ጣቱን የአባቱ ስም ላይ አድርጎ፣

«ለካ ለዚህ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሰሃኑ። በየጠዋቱ ከፊት ለፊቴ አንድ ሰሃን፣ አንድ ሲኒ፣ አንድ ማንኪያ አሰናድተው ያስቀምጡ ነበር። ባዶ ወንበር ፊት። የአገሩ ደንብ መሰለኝ። ብቻውን የሚበላ ሰው እንዳይከፋው ብለው የሚያደርጉት።» ቅጹን መለሰልኝና፣ «ደግሞ እውነትም አልከፋኝም ነበር» አለ።

አንጀቴን በላው።

ከዚያ አለቃችን ጋ ወጣሁ። አነበበ። ጆሮው ቀላ። «በይ እንግዲህ ይቅርታ ብሎሃል በይልኝ» አለኝ።

«እሱን እንኳ እርስዎ ነዎት የሚሉት» አልኩት። «በር ዘግተው ቢወነጅሉትም በሩ ስስ ነው፤ ሁሉም ሰምቷል።»

ወረደ። አለቃችን ወርክሾፑ መሀል ቆሞ፣ ብየዳው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» አለው። ዝምታ «እሺ» አለ። አንድ ቃል። አለቃችን ሲመለስ የስንብት ደብዳቤውን ራሱ ቀደደው።

ዓርብ፣ ሰኔ 19

አልጨረስኩም። ሆቴሉ ስህተቱን አምኗል፤ አንድ እንግዳ የሚል አዲስ ደረሰኝ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል፤ የትርፉን ቁርስ ገንዘብም ይመልሳሉ። ግን የድሮውን ኦሪጅናል መልሺልን ይላሉ። በፈጣን መልእክት ልላከው ስል ዝምታ ቢሮ መጣ። ቢሮ መጥቶ አያውቅም፤ ቅባቱ ወንበር ይነካል ብሎ ይፈራል።

«የድሮውን ሳትልኪ ቅጂ አድርጊልኝ» አለኝ። «ከቅጹ ጋር።»

«ምን ያደርግልሃል? የተሳሳተ ደረሰኝ እኮ ነው።»

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል አድሮ አያውቅም» አለ። «ሁለት አድርጊው። አንዱን ለእህቴ እልክላታለሁ።»

ከማሽናችን የሚወጣው ደብዘዝ ይላል። መንገድ ተሻግሬ ጥሩው ማተሚያ ቤት አስቀዳሁለት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 25

መልእክቱ ደርሷቸዋል። አዲሱ ደረሰኝ ተልኳል ይላሉ። የታለ?

ዓርብ፣ ሰኔ 26

የለም። ፖስታ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 29

አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ፖስታውን ቆሜ ቀደድኩት። የድርጅታችን ስም፣ ፊደል ሳይጎድል። እንግዳ፣ አንድ። ቁርስ፣ አሥራ አንድ። ስካን አድርጌ ከሌሎቹ ጋር አያያዝኩና «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ድረ ገጹ ትንሽ ዞረና የመቀበያ ቁጥር ሰጠኝ። ገንዘቡ ሲመለስ ወራት ይፈጃል፤ ይፍጅ። ሙሉ ሆኖ ገብቷል። ለራሴ አንድ ኬክ ገዛሁ፤ እህቴ ግማሹን በላችብኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወርክሾፕ ወረድኩ። ዝምታ መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር።

«ቁጥሯን የከበብኩት እኔ ነኝ» አልኩት። እንዳልሸሽ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። «አንተን ሳልጠይቅ ለአለቃችን ከላይ አድርጌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አለቃችን ደረሰኙን አሳይቶኛል እኮ። የቁጥር አከባበብሽን አላውቀውም እንዴ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ በየጠዋቱ ደህና አደርሽ ይለኝ ነበር።

«ሁለተኛው እንግዳ ማን መስሎሽ ነበር?» አለኝ።

«ሴት።»

«ሴት ብትሆንስ ኖሮ?»

«ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ወጪ በደንቡ መሠረት—»

«ደንቡን ተይው።»

ተውኩት። ከቫቱ ጋር ከተያያዝኩ ጀምሮ ደንቡን ስተው የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ላይ የምይዘው ወረቀት አልነበረም።

«ይከፋኝ ነበር» አልኩት።

መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ሁለት ወንበር ስቦ፣ አንዱን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝና እሱም ተቀመጠ።